ከዜሮ በታች 35 ዲግሪ ውጭ የሚያድር ቁልቋል፦ የሰሜን ሜዳ ካክተስን በጓሮ ማሳደግ

ካናዳ፣ አልበርታ ውስጥ ወዳለችው ካልጋሪ በመጣሁ በሦስተኛው ዓመት፣ ጁን አጋማሽ ላይ፣ ብሩክስ ያሉ ዘመዶቻችንን ልንጠይቅ ሄድን። ብሩክስን የሚያውቅ ያውቃታል። በሥጋ ፋብሪካው ሥራ የተነሳ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጣ ሰው የበዛባት ትንሽ ከተማ ናት። በማግስቱ ልጆቹን ይዘን ዳይናሶር ፕሮቪንሺያል ፓርክ ገባን። እነሱ አጥንት ሊያዩ ሲሯሯጡ የእኔ ዓይን መሬት ላይ ቀረ። በደረቀው ሣር መሐል፣ ቁርጭምጭሚቴ ላይ እንኳ የማይደርስ ጠፍጣፋ እሾሃም ተክል ተነጥፏል። ላዩ ላይ ቢጫ አበባ ሞልቷል።

በለስ ነው። ያደግሁት ራያ ቆቦ ነው፤ በለስ አይጠፋኝም። ግን ይሄ ቦታ በጃንዋሪ ከዜሮ በታች 35 ዲግሪ የሚገባበት ቦታ ነው። እንዴት ኖረ?

ያ ጥያቄ ነው ዛሬ ጓሮዬ ውስጥ ያለውን መደብ ያሠራኝ። አሁን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ካልጋሪ፣ ኤድመንተን፣ ሚኒያፖሊስ፣ ዴንቨር ላላችሁና ትንሽ ጓሮ ወይም በረንዳ ላላችሁ አሠራሩን እንዳለ ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ ስሙን እንለይ

አገር ቤት ቁልቋል የምንለው ትልቁ ዛፍ ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያወጣል። እሱ ካክተስ አይደለም፤ ዩፎርቢያ የሚባል ሌላ ወገን ነው። የካክተስ ወገን የአሜሪካ ምድር ተክል ነው። በለስም ከሜክሲኮ ተነስቶ ዓለምን ዞሮ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን ነው እኛ ጋ የደረሰው። የድሮ ሰዎች "የባሕር ቁልቋል" ያሉት ለዚህ ነው። እንደ ባሕር ዛፍ፣ እንደ ባሕር ማሽላ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ማለት ነው።

ይሄን የማነሳው ለወሬ ብቻ አይደለም። ሱቅ ውስጥ "ካክተስ" ተብለው ከሚሸጡት አንዳንዶቹ ዩፎርቢያ ናቸው። ውጭ ብታሳድሯቸው በመጀመሪያው ውርጭ ያልቃሉ። ጫፋቸው ተሰብሮ ወተት ካያችሁ ተዉት። ወተቱን በእጃችሁ ነክታችሁ ዓይናችሁን እንዳታሹ፤ ዓይን ይጎዳል።

ሌላም አለ። የሜክሲኮ ሰዎች ግሮሰሪ ውስጥ ኖፓል የሚባል ትልቅ የበለስ ቅጠል ይሸጣል። አገር ቤት የምናውቀው በለስ ራሱ ነው። ብዙ ሰው እሱን ገዝቶ ይተክልና ኦክቶበር ላይ ያዝናል። ያ ዓይነቱ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ እንኳ አይችልም። እኛ የምንፈልገው የእሱን የሰሜን ዘመዶች ነው።

እነሱም ዋናዎቹ ሦስት ናቸው።

አንደኛው ኦፑንቲያ ፖሊያካንታ ነው። ፓርኩ ውስጥ ያየሁት እሱን ነው። ቅጠሉ የሰው መዳፍ አያክልም፤ ከ5 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ነው። እሾሁ ብዙ ነው፤ ስሙም "ብዙ እሾህ" ማለት ነው። አበባው ሰፊና ቢጫ ነው፤ አንዳንዱ ወደ ሮዝ ይሄዳል። በ1805 የአሜሪካን ምዕራብ ያሰሰው የሉዊስና የክላርክ ጉዞ ሚዙሪ ወንዝን ተከትሎ ሲወጣ የቆዳ ጫማቸውን እየበሳ ያሠቃያቸው ይሄ የሜዳ በለስ ነው። ጫማቸውን ደርበው ሰፍተውም አልዳኑም።

ሁለተኛው ኦፑንቲያ ፍራጂሊስ ነው። "ተሰባሪ" ማለት ነው። ቅጠሉ ትንሽ፣ ወፈር ያለ፣ ከአውራ ጣት ጫፍ ብዙም የማይበልጥ ነው። በትንሽ ንክኪ ይገነጠላል። የሚባዛውም እንደዚያ ነው። እንስሳ ሲያልፍ ፀጉሩ ላይ ተሰክቶ ይሄዳል፤ የወደቀበት ቦታ ሥር ይሰዳል። በጥንት ጊዜ ባይሰን የሚባለው የአሜሪካ ጎሽ ነበር አጓጓዡ። ከካክተስ ሁሉ ወደ ሰሜን ርቆ የሄደው ይሄ ትንሹ ነው። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ፒስ ወንዝ አካባቢ፣ 56 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ይገኛል። አበባ ግን ሲበዛ አይሰጥም። አበባ ለሚፈልግ ሰው እሱን ብቻ እንዲተክል አልመክርም።

ሦስተኛው የእኔ ወዳጅ ነው። ኤስኮባሪያ ቪቪፓራ ይባላል። ክብ ነው፤ የቴኒስ ኳስ የሚያክል ወይም ከዚያ ያነሰ። ሣር ውስጥ ተደብቆ ስለሚኖር ካላበበ በስተቀር አጠገቡ ቆማችሁም አታዩትም። ሲያብብ ደግሞ ደማቅ ሮዝ ነው። የተለኮሰ ፋኖስ ይመስላል። ስትገዙ ግን ስሙ ያደናግራችኋል። የድሮ መለያ ወረቀት ኮሪፋንታ ቪቪፓራ ይለዋል፤ አዲሱ ፔለሲፎራ ቪቪፓራ። ሁሉም አንድ ተክል ነው።

ብርዱን እንዴት ይችለዋል?

ይሄ ከገባችሁ የቀረው ሥራ ሁሉ ቀላል ነው። ውሃ የሞላ ጠርሙስ ፍሪዘር ውስጥ ብታስቀምጡ ይፈነዳል። ውሃ የሞላ ተክልም እንዲሁ ነው። እነዚህ ካክተሶች ቀኑ ማጠር ሲጀምር ውሃቸውን ይቀንሳሉ። ቅጠላቸው ይጨማደዳል፣ ይከሳል፣ ጎንበስ ብሎ መሬት ላይ ይተኛል። ውስጣቸው የሚቀረው ፈሳሽ ስኳርና እንደ ተልባ ውሃ የሚዝለገለግ ነገር የበዛበት ነው። እሱ ቶሎ በረዶ አይሆንም። በደንብ ተዘጋጅቶ የተኛ ፍራጂሊስ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪን ያልፋል።

ስለዚህ በመከር ወቅት መጠማት አለበት። እኔ ይሄን ያወቅሁት የመጀመሪያዎቹን ገድዬ ነው። ኦክቶበር ላይ ተጨማደው ሳያቸው ውሃ የጠማቸው መስሎኝ አሳዘኑኝ። ጠዋት ማታ አጠጣኋቸው። ቀና አሉ፤ ደስ አለኝ። ኤፕሪል ላይ በረዶው ሲቀልጥ ስድስቱም ጥቁር ሊጥ ሆነው ነበር። ብርዱን ሳይሆን የእኔን ውሃ ነው ያልቻሉት።

ደረጃ 1፦ ተክሉን ማግኘት

ከሜዳ አትንቀሉ። ፓርክ ውስጥ መንቀል በሕግ የተከለከለ ነው። ከሕጉም በላይ፣ ክቡ ቪቪፓራ ቶሎ አይተካም። ሚኒሶታ ውስጥ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት ተክሎች ተመዝግቧል፤ የቀረው ከምዕራቡ ጠርዝ ባለ አለታማ ቦታ ነው። ኦንታሪዮ ፖይንት ፒሊ ያለው የምሥራቅ በለስም በካናዳ እንዲሁ ነው።

የሚሻለው ጎረቤት ወይም ወዳጅ መጠየቅ ነው። ኦፑንቲያ ያለው ሰው ሁልጊዜ ትርፍ ቅጠል አለው። አንድ ቅጠል ይበቃችኋል። የካክተስ ወዳጆች ማኅበራት በየከተማው አሉ፤ በፀደይ ወቅት ችግኝ ይሸጣሉ። ቪቪፓራን ግን ከችግኝ አብቃይ ግዙ ወይም ከዘር አብቅሉ።

ስትገዙ አንድ ጥያቄ አትርሱ፦ "የዚህ ተክል ዘር መጀመሪያ ከየት ተወሰደ?" ፖሊያካንታም ቪቪፓራም ከካናዳ እስከ ሰሜን ሜክሲኮ ድረስ ይበቅላሉ። ስማቸው አንድ ነው፤ ብርድ መቻላቸው ግን አንድ አይደለም። የኒው ሜክሲኮው ልጅ አልበርታ ላይ አይበረክትም። ከአልበርታ፣ ከሳስካችዋን፣ ከሞንታና ወይም ከዳኮታ የመጣውን ፈልጉ። ሻጩ መልስ ከሌለው ሌላ ሻጭ ጋ ሂዱ።

ካክተስን ከአገር አገር ማሻገር ወረቀት ይጠይቃል። የካክተስ ወገን ከጥቂቶቹ በስተቀር በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ሥር ነው። ከአሜሪካ ወደ ካናዳ ያለ ወረቀት በመኪና ይዛችሁ አትምጡ። ወደ ኢትዮጵያ ለመላክ ደግሞ ፈጽሞ አታስቡት። ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ የገቡ ሌሎች የኦፑንቲያ ዓይነቶች የግጦሽ መሬት እየወረሩ አርብቶ አደሩን አስቸግረዋል።

ደረጃ 2፦ ቦታ መምረጥ

ፀሐይ፣ ፀሐይ፣ ፀሐይ። በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት፤ ስምንት ቢሆን የተሻለ ነው። ከቤቱ በስተደቡብ ያለው ግድግዳ ሥር ምርጥ ቦታ ነው። ግድግዳው ሙቀት ይይዛል፣ ታዛው የመከሩን ዝናብ ይከላከላል። አሸንዳው የሚፈስበት ጥግ ግን አይሆንም። ጎረቤት የሣር ውሃ ሲረጭ የሚደርስበት ቦታም አይሆንም። ጨው የተነሰነሰበት የመንገድ በረዶ በአካፋ የሚቆለልበት ቦታም እንዲሁ።

ልጅና ውሻ ከሚሮጡበት መንገድ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ።

ደረጃ 3፦ መደቡን መሥራት

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። አንድ ቅዳሜ ሙሉ ስጡት።

ብዙዎቻችን ያለንበት የከተማ መሬት ሸክላ አፈር ነው። ሰው ምን ያደርጋል? ጉድጓድ ይቆፍርና አሸዋ ይሞላበታል። ይሄ ትልቅ ስህተት ነው። ሸክላው እንደ ገበቴ ሆኖ ውሃውን ያቁራል። ተክሉ ገበቴ ውስጥ ይሰምጣል። ስለዚህ ወደ ታች አትቆፍሩ፤ ወደ ላይ ካቡ።

መጀመሪያ ሣሩን ከነሥሩ አውጡ። ይሄን በትዕግሥት ሥሩ። በኋላ እሾህ መሐል የገባ ሰርዶ መሰል ሣር መንቀል ከባድ ቅጣት ነው። ከዚያ መሬቱን በዶማ ፈርከስከስ አድርጉት። በላዩ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጉብታ ሥሩ። ጎኑ ወደ ደቡብ ዘመም ቢል ፀሐዩን ፊት ለፊት ይቀበላል። ዙሪያውን በድንጋይ ብትደግፉት አይናድም።

ድብልቁ እንዲህ ነው፦ አንድ እጅ ሻካራ አሸዋ፣ አንድ እጅ የአተር ፍሬ የሚያክል ጠጠር፣ አንድ እጅ ተራ የጓሮ አፈር። የልጆች መጫወቻ ተብሎ የሚሸጠው ደቃቅ አሸዋ አይሆንም፤ እርስ በርሱ ተጣብቆ ሲሚንቶ ይመስላል። የግንበኛ አሸዋ ነው የሚሻለው። በከረጢት የሚሸጠው ጥቁር የአበባ አፈር ደግሞ እርጥበት እንዲይዝ ተብሎ የተዘጋጀ ነው፤ ለዚህ አይሆንም። ፍግና ኮምፖስትም አይጨመርም። ለቃሪያችሁ አቆዩት።

ድብልቁ ትክክል መሆኑን ለማወቅ አንድ ባልዲ ውሃ ድፉበት። ውሃው ላዩ ላይ ሳይተኛ ወዲያው መጥፋት አለበት። ከቆመ ጠጠር ጨምሩ።

ደረጃ 4፦ መትከል

ጊዜው ከሜይ መጨረሻ እስከ ጁላይ ነው። በእኛ ዘመን አቆጣጠር ከግንቦት አጋማሽ በኋላ ማለት ነው። ከኦገስት ወዲያ የተተከለ ሥር ሳይዝ ብርድ ይደርስበታል።

ለኦፑንቲያ እንዲህ አድርጉ። (ቅጠል የምንለው በእውነቱ ግንዱ ነው። ግን እንደለመድነው ቅጠል እንበለው።) ያለፈው ዓመት ጠንካራ ቅጠል ምረጡ። በመገጣጠሚያው ላይ ቁረጡት ወይም ጠምዝዛችሁ አላቁት። ከዚያ አትቸኩሉ። ከ7 እስከ 10 ቀን ጥላ ውስጥ፣ አየር በሚያገኝ ቦታ፣ ጋዜጣ ላይ አስተኙት። የተቆረጠው ቦታ ደርቆ ቅርፊት መያዝ አለበት። እርጥብ ቁስል አፈር ከነካ ይበሰብሳል።

ሲደርቅ አንድ ሦስተኛውን አፈር ውስጥ ቅበሩት። አልቆም ካለ በሁለት ድንጋይ ደግፉት። ፍራጂሊስን መቅበርም አያስፈልግም፤ ጠጠሩ ላይ ጣል አድርጉት፣ ራሱ ያውቅበታል። አንድ ሳምንት ያለ ውሃ ይቆይ። ከዚያ በየሳምንቱ ወይም በየአሥር ቀኑ አጠጡ። ከሦስት አራት ሳምንት በኋላ በመቆንጠጫ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ሳብ አድርጉት። እምቢ ካለ ሥር ይዟል።

ሱቅ ውስጥ ከእነ ማሰሮው የገዛችሁት ከሆነ ሥሩ ዙሪያ ያለውን ጥቁር አፈር በውሃ እጠቡለት። ሁለት ሦስት ቀን ሥሩ ይጠንፍፍ፤ ከዚያ ትከሉት። በግሪንሃውስ ያደገ ተክል በድንገት ፀሐይ ሲመታው ይቃጠላል፤ የመጀመሪያዎቹን አሥር ቀናት ከፊል ጥላ አድርጉለት።

በፖሊያካንታዎች መሐል ግማሽ ሜትር ተዉ፤ ይሰፋሉ። ቪቪፓራዎችን አንድ ስንዝር እንኳ ሳይራራቁ በቡድን ብትተክሉ ሲያብቡ ያምራሉ። በመጨረሻ ሁሉንም መሬት ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ጠጠር አልብሱት። ይሄ ጠጠር ለጌጥ አይደለም። የቪቪፓራ አንገት የሚበሰብሰው እርጥብ አፈር ሲነካው ነው፤ ጠጠሩ አንገቱን ያደርቅለታል። አረምም ይቀንሳል።

ደረጃ 5፦ ውሃ

ፕሬሪ በሚባለው የሣር ሜዳ አገር ላይ ዋናው ዝናብ በሜይና በጁን ነው የሚወርደው። ካልጋሪ ውስጥ ከዓመቱ ወራት ጁን ይበልጣል። ተክሉም አካሉን የሚሠራው በዚያ ጊዜ ነው። እናንተም ያንን ተከተሉ።

የመጀመሪያውን በጋ፣ ዝናብ ከሌለ፣ በየአሥር ቀኑ አንዴ ጥግብ አድርጋችሁ አጠጡ። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ በሜይና በጁን ሁለት ሦስት ሳምንት ዝናብ ከጠፋ ብቻ። ከኦገስት መጀመሪያ በኋላ ቧንቧውን ዝጉ። ዓይናችሁ ቢያዝንም ዝጉ።

ማዳበሪያ እኔ አልሰጥም። መስጠት የፈለገ ናይትሮጅኑ ዝቅተኛ የሆነውን፣ በሜይ አንዴ፣ ከተጻፈው በግማሽ አቅጥኖ ይስጥ። ናይትሮጅን ሲበዛ ተክሉ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ በክረምት ይሞታል።

ደረጃ 6፦ መከርና ክረምት

ሴፕቴምበር ላይ መጨማደድ ይጀምራል። ኖቬምበር ላይ የሞተ ይመስላል። አንዳንዱ ወይን ጠጅ ቀለም ይይዛል። ቪቪፓራ ወደ መሬት ይሰምጣል፤ ግማሹ ይጠፋል። ይሄ ሁሉ ደህና ነው፤ እየተዘጋጀ ነው።

የወደቀ የዛፍ ቅጠል ከላዩ አንሱ። ጨርቅ፣ ላስቲክ ወይም ገለባ አታልብሱት። ከሥሩ እርጥበት ይይዝና ይሻግታል። በረዶ ሲጥል ግን ተዉት። በረዶ ለእሱ ጋቢ ነው። ከታች ያለው ሙቀት ከውጭው በብዙ ይሻላል።

ካልጋሪ ያላችሁ አንድ ተጨማሪ ችግር አለባችሁ፤ ሺኑክ። በጃንዋሪ መሐል ያ ሞቃት ነፋስ ይመጣና በረዶውን በአንድ ቀን ያቀልጠዋል። ማታ ደግሞ ውሃው ተመልሶ በረዶ ይሆናል። ኦፑንቲያ ይሄን ይችለዋል። ቪቪፓራ አንገቱ ላይ ውሃ እየቆመ ሲቀዘቅዝ ይጎዳል። እኔ ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል ከላዩ አንድ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ሰሌዳ በአራት ጡብ ላይ አሳርፋለሁ። ጎኖቹ ክፍት ናቸው። ዣንጥላ ማለት ነው፤ ቤት አይደለም። ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ጫኑበት።

ደረጃ 7፦ የፀደይ ትዕግሥት

ኤፕሪል ላይ ሌላው ተክል ሲያቆጠቁጥ እሱ እንደተኛ ነው። አትንቀሉት። ጓደኛዬ ሜይ መጀመሪያ ላይ ሙሉ መደብ ነቅላ ጣለች፤ ሁሉም በሕይወት ነበሩ። እስከ ጁን አጋማሽ ጠብቁ።

የሞተውን ከተኛው መለየት ቀላል ነው። በዱላ ጫፍ ጫን በሉት። ጠንካራና የተጨማደደ ከሆነ ደህና ነው። ከሥሩ ቡናማ እንጨት መምሰሉም የዕድሜ ነገር ነው። ጥቁር ሆኖ ከፈሰሰ ግን ብስባሽ ነው። ጤነኛው ክፍል እስኪመጣ ድረስ በንጹሕ ቢላ ቁረጡት፤ የተረፈውን ጤነኛ ቅጠል አድርቃችሁ እንደገና ትከሉት።

ከዘር ለማብቀል

ቪቪፓራ ከዘር መምጣቱ ያስደስታል። ዘሩን ከእርጥብ አሸዋ ጋር በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አድርጋችሁ አንድ ወር ከምናምን ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት፤ ፍሪዘር አይደለም። ከዚያ በጠጠራማ አፈር ላይ ነስንሱት፤ አትቅበሩት። ሰሐኑን በላስቲክ ሸፍናችሁ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሙቀት ባለው ብርሃናማ ቦታ አኑሩት። ሲበቅል ላስቲኩን ቀስ በቀስ ግለጡ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ የአተር ፍሬ ያክላል። አበባ ለማየት ዓመታት ይፈጃል።

የኦፑንቲያ ዘር ልጡ ድንጋይ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፈግ አድርጉት፤ በመከር ሰሐን ላይ ዘርታችሁ ክረምቱን ሙሉ ውጭ ተዉት። አንዳንዱ በዓመቱ፣ አንዳንዱ በሁለተኛው ዓመት ይወጣል። እውነቱን ለመናገር ቅጠል እያለ በዘር መድከም አስፈላጊ አይመስለኝም።

አፓርታማ ለምትኖሩ

ይቻላል። ሰፊና ጥልቀት የሌለው፣ ሥሩ በደንብ የተበሳ ማሰሮ ውሰዱ። ሸክላ በብርድ ይሰነጠቃል፤ ፕላስቲክ ወይም እንጨት ይሻላል። ድብልቁ ያው ነው። ማሰሮ ውስጥ ሥሩ ከመሬት ይልቅ ይበርደዋል። ስለዚህ ክረምቱን ከግድግዳ አስጠግታችሁ፣ ከታዛ ሥር አኑሩት፤ ወይም ማሞቂያ የሌለው ጋራዥ ውስጥ። ብርዱ ካስተኛው ጨለማው አያሳስበውም።

ብቻ ሳሎን እንዳታስገቡት። ይሄን ደጋግሜ እናገራለሁ። ሞቆት ክረምቱን ሙሉ ያድጋል፣ ገርጥቶ እንደ ጣት ይቀጥናል፣ አበባም አይሰጥም። ብርዱን ይፈልገዋል።

ስለ እሾሁ

ትልቁ እሾህ ይታያል፤ ሰው ይጠነቀቀዋል። የሚያሠቃየው በየእሾሁ ሥር ያለው ፀጉር የሚመስል ጥቃቅን እሾህ ነው። አገር ቤት በለስ የላጠ ሰው ያውቀዋል። የቆዳ ጓንት አትመኑ፤ ይሰካበትና በሚቀጥለው ቀን ይወጋችኋል። ቅጠሉን ሥጋ በሚገለብጡበት ረጅም መቆንጠጫ ያዙ። ከሌለ ጋዜጣ አጥፋችሁ እንደ ቀበቶ ጠቅልሉበት።

ከተወጋችሁ አትሹት። በአፍም አትንቀሉት። የሚታየውን በወረንጦ አውጡ። ከዚያ ነጭ ኮላ ቀብታችሁ፣ ስስ የቁስል ጨርቅ ደርባችሁ፣ ኮላው ሲደርቅ ጨርቁን ላጡት። የቀረውን ይዞ ይወጣል። ልጄን በዚህ ነው ያዳንኳት።

ተባይ

ቅጠሉ ላይ እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ነገር ካያችሁ በእንጨት ጨፍልቁት። ደም የመሰለ ቀይ ከወጣ ኮቺኒል ነው። በእኛ በኩል ይሄ ነፍሳት የሚታወቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ለቀይ ማቅለሚያ ተብሎ ወደ ትግራይ የገባው የኮቺኒል ዓይነት ከቁጥጥር ወጥቶ፣ ደቡብ ትግራይ ውስጥ ብዙ ቤተሰብ ክረምቱን የሚያልፍበትን በለስ አውድሟል። እዚህ ያለው የዚህ አገር የራሱ ዓይነት ነው፤ ጉዳቱም ያን ያህል አይደለም። በውሃ ጎማ በኃይል እጠቡት፤ የቀረውን በአልኮል በነከራችሁት ጥጥ ጥረጉት። ሥራውን ጠዋት ሥሩት፤ ተክሉ ቶሎ እንዲደርቅ።

ቅጠሉ ከውስጥ ባዶ ሆኖ ቀዳዳው ላይ እርጥብ ቆሻሻ ከተከማቸ ደግሞ የእሳት እራት ትል ገብቶበታል። ያን ቅጠል ቆርጣችሁ አስወግዱት። መድኃኒት መርጨት አያስፈልግም።

አበባው

ኦፑንቲያ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት፣ ከጁን እስከ ጁላይ ያብባል። አንዲቷ አበባ የምትቆየው አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ቀን ነው። ግን በየቀኑ ሌላ ይከፈታል፤ አንድ የደረሰ ተክል ሁለት ሦስት ሳምንት ያስደስታችኋል። ደመና ካለ አይከፈትም። ቪቪፓራም ቀትር ላይ ፀሐይ ሲበረታ ነው የሚፈካው። ሥራ ውላችሁ ማታ ብትመጡ ተዘግቶ ታገኙታላችሁ፤ ስለዚህ ቅዳሜና እሑድን ጠብቁ።

የቪቪፓራ ፍሬ አረንጓዴ ነው፤ ሲበስል ወደ ቡናማ ይሄዳል። እሾህ የለውም፣ ይበላል፣ ይጣፍጣል። ሜዳ ላይ ፕሮንግሆርን የሚባለው ሚዳቋ መሰል እንስሳ ይሽቀዳደምበታል። የፖሊያካንታ ፍሬ ግን ደረቅና እሾሃም ነው፤ የአገራችንን በለስ እያሰባችሁ አትጠብቁት።

ቢጫው ሲያብብ ቀትር ላይ አንድ የሣር ዘንግ ያዙና ከመሐሉ ያሉትን ቀጫጭን ክሮች ነካ አድርጓቸው። ወዲያው ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ። ንብ ስትገባ እንዲህ አድርገው ነው ዱቄቱን የሚያለብሷት። ልጆቼ ሰኔ በመጣ ቁጥር ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቦርሳቸውን ሳያወርዱ መጀመሪያ የሚሄዱት ወደዚያ መደብ ነው፤ ሣራቸውን ይዘው።